ጠገራ ብርና አበባ የሚልሰው ቀበሮ

ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ሁሌም 1780 ነው። አያታችሁ ሳጥን ውስጥ አንድ ካለ አውጥታችሁ እዩት። 1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሩ ግን ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ይታተም ነበር። መልኳ ያው፣ ፊደሉ ያው፣ ዓመቱም ያው። ለምን ቢባል፣ ገበያው ሌላውን አልቀበልም ስላለ ነው። የእኛም ሆነ የየመን ነጋዴ የለመደው ያንን መልክ ነበር።

እንግዲህ በአገራችን ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲዘዋወር የኖረው ገንዘብ፣ እቅጩን ከተናገርን፣ ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ ግን ሐሰተኛ አላደረገውም።

ይህ ለእኔ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፕሮግራመር ነኝ። ከሥራዬ አንዱ ክፍል፣ ሰዎች ፎቶና ሥዕል እየጫኑ በሚሸጡበት አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ የሚገባውን ምስል የሚፈትሽ ኮድ መጻፍ ነበር። የሚመጣው ጥያቄ በየቀኑ አንድ ነው፦ ይህን ሰው ነው የሠራው ወይስ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ? ጥያቄውን ባየሁት ቁጥር ጠገራ ብር እያገላበጠ የሚመረምር ነጋዴ ይታየኛል። ያ ሰው ከእኛ ቀድሞ የደረሰበት ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

ሉል መቁጠር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ ተጓዦች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ፦ ነጋዴው ብር ሲሰጡት ዝም ብሎ አይቀበልም። ያገላብጠዋል። የንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይቆጥራል። ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ነጥቦች ጎልተው መታየታቸውን ያያል። ከምስሏ ሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍን፣ ይፈልጋል። አንዱ ነጥብ ከደበዘዘ ብሩ ይመለሳል። ተጓዡ ይናደዳል፤ ነጋዴው ግን ግድ የለውም።

ኤስ እና ኤፍ የሁለት ሰዎች ስም መነሻ ናቸው፤ ሾብልና ፋቢ፣ በጉንዝቡርግ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የነበሩ ሹማምንት። ፊደላቸው እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። የብሩ መጠን ቢጎድል ተጠያቂዎቹ እነሱ መሆናቸውን የሚናገር ምልክት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ዋሶቹ እነሱ ናቸው። ሰዎቹ ሞቱ፣ ፊደላቸው ግን በየሳንቲሙ ላይ መታተሙን ቀጠለ። ዋሱ የለም፣ ፊርማው አለ።

ነጋዴው ሉል የሚቆጥረው ሉል ስለሚወድ አልነበረም። የሚፈልገው ብሩን ነው፤ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ማዕድን። ማዕድኑን ገበያ ላይ ቆሞ ማቅለጥ ስለማይችል፣ ለማዕድኑ ምልክት ይሆናል ያለውን ነገር ቆጠረ። ሉሉ ምልክት ነው፤ ዋናው ነገር ብሩ ነው።

ምልክት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉልበት አለው። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር ፓሪስ አሳትመው ነበር። ክብደቱም የብሩ መጠንም ከጠገራው ጋር አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ራቅ ባሉ ገበያዎች ብዙ ሰው የሚያውቀውን የንግሥቲቱን መልክ መረጠ። የአገሩ ንጉሠ ነገሥት መልክ እንኳ የለመዱትን ምልክት በቀላሉ ማስለቀቅ አልቻለም።

ከዚያ 1935 መጣ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ለወረራው ገበያ የሚቀበለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ከኦስትሪያ የማተሚያውን ቅርጽና ፈቃዱን ወሰደና ሮም ላይ ጠገራ ብር ማተም ጀመረ። ሌሎቹም ዝም አላሉም፤ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስ፣ ቆይቶም ቦምቤይ የየራሳቸውን አተሙ። ሁሉም 1780 ይላል። ሁሉም ላይ ሉሉ ሙሉ ነው። ሁሉም ላይ ኤስ እና ኤፍ አለ።

በዚያን ቀን ሉል መቁጠር ትርጉም አጣ። ገበያው ግን አልፈረሰም፤ ምክንያቱም የትም ይታተም ውስጡ ያለው ብር ያው ነበር። ምልክቱ የት እንደተሠራ መናገር አቆመ፤ የሰጠው ቃል ግን አልታጠፈም። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1945 እስኪወጣ ድረስ ጠገራው ሥራውን ሠራ።

ጣት መቁጠር

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2022 በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚሠሩት ፕሮግራሞች ለሕዝብ ሲለቀቁ፣ ምስል የሚሸጡት ትልልቅ ገበያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት የተለያየ መንገድ ያዙ። ጌቲ ኢሜጅስ በመስከረም 2022 በኤአይ የተሠራ ምስል አልቀበልም አለ። ሸተርስቶክ በጥቅምት ከኦፕንኤአይ ጋር ተዋውሎ ማሽኑን ራሱ አመጣ፤ ሻጮች በራሳቸው ኤአይ የሠሩትን እንዳይጭኑ ግን ከለከለ። አዶቤ ስቶክ በታኅሣሥ ወር ይግባ፣ ግን ይለጠፍበት አለ፤ ሻጩ ሲጭን «በኤአይ የተሠራ ነው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ከአንድ ዓመት በኋላ የከለከለው ጌቲም በራሱ ፎቶዎች ያሠለጠነውን ማሽን ይዞ መጣ።

የከለከለውም የፈቀደውም በር ላይ ቆሞ መፈተሽ ነበረበት። በመጀመሪያ ፍተሻው ቀላል ነበር። ጣት እንቆጥር ነበር፤ ስድስት ጣት ያለው እጅ ከታየ ማሽን ነው። ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ሌላ መለያ ነበረን፦ ፊደል። «የአዲስ አበባ መንገድ» ተብሎ የሚሸጥ ምስል ላይ የሱቁን ታፔላ አጉልታችሁ ስታዩት፣ ሀ የሚመስል ግን ሀ ያልሆነ፣ ጠ የሚመስል ግን አራት እግር ያበቀለ ነገር ተደርድሯል። ፈረንጁ ገዢ አያውቀውም። እኛ ግን በአንድ እይታ እንስቃለን።

ይህ ሁሉ ሉል ቆጠራ ነው። ማሽኑ እያደር ጣቱን አስተካከለ፤ ፊደሉንም እያስተካከለ ነው። የሮም ማተሚያ ዋናውን ቅርጽ ሲያገኝ የሆነው ነገር ማለት ነው። ጌቲ በ2023 ስታቢሊቲ ኤአይ የተባለውን ኩባንያ ሲከስ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይገርማል፦ ማሽኑ አንዳንድ ጊዜ የሚያወጣው ምስል ላይ የራሱ የጌቲ የባለቤትነት ማኅተም ተጣሞ ይታይ ነበር። የሞቱት ሹማምንት ፊደል ታስታውሳላችሁ አይደል? የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኅዳር 2025 ሲፈርድ የቅጂ መብቱን ክስ አልተቀበለውም፤ ጌቲ በከፊል የረታው በዚያ ማኅተም፣ በንግድ ምልክት ጉዳይ ነው።

ዓይን ሲያቅተው ማሽን በማሽን ይፈተሽ ተባለ። እዚህ ላይ እንደ መሐንዲስ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። ፈታሹ ፕሮግራም ጎበዝ ነው እንበል፤ እውነተኛ ፎቶን በስህተት «ኤአይ ነው» የሚለው ከመቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በወር መቶ ሺህ እውነተኛ ፎቶ ከገባ፣ 2,000 ፎቶ በሐሰት ተወነጀለ ማለት ነው። ለኩባንያው 2 በመቶ ጥሩ ውጤት ነው። ለሁለት ሺው ባለፎቶ ግን ውንጀላው መቶ በመቶ ነው።

ስህተቱ ደግሞ ሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የጽሑፍ ፈታሾችን ሞክረው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን ድርሰቶች በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የማሽን ሥራ ብለው እንደሚፈርጁ አሳይተዋል። ፈታሹ ያልለመደውን ነገር ሲያይ ይጠራጠራል። ያልለመደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእኛን ነው።

ሳነቲ ላይ የቆመው ማነው?

ከጎባ ወጥታችሁ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ከያዛችሁ የሳነቲን አምባ ታቋርጣላችሁ። 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጅብራው በጉም ውስጥ ቆሞ ሰው ይመስላል። በስተ ግራም በስተ ቀኝም ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል፣ ይገባል። ከአምባው ዳርቻ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዝና አስታው፣ ቀጥሎ ቀርከሃው ይመጣል። እዚያ ጋ ሪራ አለች፤ ከታቿ የሐረና ደን፣ ከላይዋ ሳነቲ። ሰዉ ማር ይቆርጣል፣ ከብት ያረባል፣ ከደኑ ቡና ይለቅማል፤ ወጣቶቹ ደግሞ እንግዳ ይመራሉ።

ፈረንጁ የሚመጣው በአብዛኛው ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። በአካባቢው አፋን ኦሮሞ ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በኅዳር 2024 ስለዚህ ቀበሮ አንድ አስገራሚ ዜና ወጣ። ተመራማሪዎች ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ፣ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች እንደ ችቦ የቆመውን ቀይና ቢጫ አበባ እየላሱ የአበባውን ማር እንደሚጠጡ ጻፉ። አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። አፍንጫው በአበባ ብናኝ ስለሚሸፈን ምናልባት እንደ ንብ አበባ ያዳቅል ይሆናል አሉ። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል፤ ቀይ ሥጋ በል እንስሳ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አበባ ሲልስ። በእውነት ለመናገር፣ ኤአይ የሠራው ነው የሚመስለው።

አሁን አስቡት። ያ ፎቶ ከታዋቂ ተመራማሪዎች ባይመጣስ? ሪራ ያለ አንድ አስጎብኚ በስልኩ አንስቶት ቢሆንስ?

ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሪራ የማውቀው አንድ አስጎብኚ ልጅ አለ። አንድ ማለዳ በጉም ውስጥ ጅብራ ሥር የተኛ ቀበሮ አነሳ፤ ቆንጆ ፎቶ ነው። ምስል የሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ ላይ ሲጭነው «በኤአይ የተሠራ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተመለሰለት። ይግባኝ ማለት ይቻላል፦ በእንግሊዝኛ፣ ካሜራው ያወጣውን ያልተነካ ፋይል አያይዞ። ስልኩ ሞልቶበት ዋናውን አጥፍቶታል፤ የቀረው በቴሌግራም ለጓደኛው የላከው ነው። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ የት፣ መቼ፣ በምን እንደተነሳ የሚናገረውንም መረጃ ያራግፈዋል። ስልክ ደውሎ እንዲህ አለኝ፦ «ታዲያ ምን ላድርግ ወንድሜ? ቀበሮውን ለምስክርነት ልጥራው?»

እዚያው ድረ ገጽ ላይ «የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ» ብዬ ፈለግኩ። የፈረንጅ ቀበሮ ጭራ ያላቸው፣ በረዶ ላይ ቆመው ወደ ጨረቃ የሚጮኹ ፍጥረቶች መጡልኝ። ሻጮቹ ኤአይ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ስላደረጉ ሕጉን አክብረዋል። ምልክት ያደረገው ማሽን ገባ፤ እውነቱን የተናገረው ልጅ በር ላይ ቀረ። ለልጆች መጽሐፍ ምስል የሚፈልግ አሳታሚ ደግሞ የሚገዛው ያገኘውን ነው።

የምስል ብሩ ምንድነው?

ወደ ነጋዴው ልመለስ። እሱ «ይህ ብር የት ታተመ?» ብሎ አልተጨነቀም። ጥያቄው «ቃል የተገባልኝ ብር ውስጡ አለ ወይ?» ነው። የምስል ገበያዎቹ ያለፉትን ዓመታት ያጠፉት በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። ለዚያ ደግሞ የምስል ብሩ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ሁሉም ምስል አንድ ዓይነት ቃል አይሰጥም። ለባንክ ማስታወቂያ ከጽሑፍ ጀርባ የሚገባ የቀለም ጨዋታ የሚሰጠው ቃል ውበት ብቻ ነው። ማሽን ቢሠራው «በማሽን የተሠራ» ተብሎ ይለጠፍበትና ይሸጥ። «ቀይ ቀበሮ፣ ሳነቲ» የሚል ምስል ግን ሌላ ቃል ይሰጣል፦ አንድ ሰው በዚያ ብርድ እዚያ ቆሞ ነበር፣ እንስሳውም ከፊቱ ነበር። የዚህ ምስል ብሩ ያ ነው። ያ ከሌለ ሉሉ ሁሉ ቢሟላ ውስጡ ቆርቆሮ ነው።

ገበያዎቹ ራሳቸው ወደዚህ እየተገፉ ነው። በኅዳር 2023 አዶቤ ስቶክ ላይ የጋዛ ጦርነት የሚመስሉ በኤአይ የተሠሩ ምስሎች ሲሸጡ ተገኙ፤ አንዳንድ ድረ ገጾችም እንደ እውነተኛ ፎቶ ተጠቅመውባቸው ነበር። ምስሎቹ ኤአይ የሚል ምልክት ነበራቸው እኮ! ምልክቱ ገዢው ጋ ሳይደርስ ቀረ እንጂ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ደንቡን አጠበቀ፤ የኤአይ ምስል እውነተኛ የዜና ክስተት የሚያስመስል ርዕስ እንዳይሰጠው አለ። ማለትም መሣሪያውን መቆጣጠር ትቶ ቃሉን መቆጣጠር ጀመረ። ለጦርነት የተደረገው ለቀበሮና ለሰው ፊት፣ ለቦታና ለበዓል የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

የቀረው ዋሱ ማነው የሚለው ነው። የቴክኖሎጂው ዓለም መልስ ፊርማ ነው። በ2021 አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎች ሆነው ሲቱፒኤ የሚባል መስፈርት ጀመሩ። ካሜራው ፎቶውን ባነሳበት ቅጽበት በሚስጥር ቁልፍ ይፈርምበታል፤ በኋላ አንድ ነጥብ እንኳ ቢቀየር ፊርማው አልገጥም ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሾብልና የፋቢ ፊደል ማንም እንዳይቀዳው ሆኖ ተመለሰ እንደማለት። ግን ይህን ይዞ መጀመሪያ ገበያ የወጣው የላይካ ካሜራ በ2023 ዋጋው ከ9,000 ዶላር በላይ ነበር። አሁን ወደ አንዳንድ ውድ ስልኮች እየገባ ነው። ሪራ ያለው ስልክ ግን ሌላ ነው፤ ፊርማ ቢኖረው እንኳ ቴሌግራም ላይ ሲያልፍ ይራገፋል። ፊርማ የሌለው ሁሉ ተጠርጣሪ ከሆነ፣ እውነት የሚናገር ድሃ እንደ ሐሰተኛ ይቆጠራል።

እኛ አገር ከዚህ የሚቀርብ ጉዳይ ደርሶብን ያውቃል፤ ቡና ላይ። በ2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ እንደ ምርት ማረጋገጫ አድርጋችሁ አስመዝግቡት የሚል ምክርም መጣ። ማረጋገጫ ማለት ግን የሚሊዮኖች ገበሬ ማሳ እየዞሩ መፈተሽ ማለት ነው፤ ወጪውን ማን ይችለዋል? ኢትዮጵያ ስሙ የእኔ ነው፣ የሚጠቀምበት ከእኔ ጋር ይፈራረም አለች። በ2007 ስታርባክስም ፈረመ። እያንዳንዱን ፍሬ መፈተሽ ሲያቅት፣ ስሙን በምንጩ ባለው እጅ ማስገባት እንደሚቻል ያ ጉዳይ አሳይቷል።

ለምስሉ ገበያም የምመኘው ይህንኑ ነው። «ሳነቲ» ብሎ የሚሸጥ ሰው በስሙ ይሽጥ፤ የት፣ መቼ እንዳነሳ ይናገር፤ ሐሰት ከሆነ የሚጠየቅ ሰው ይኑር። የሪራ አስጎብኚዎች አብረው ሆነው «ይህ ልጅ የእኛ ነው፣ ያን ቀን አምባው ላይ ነበር» ቢሉ፣ ያ ምስክርነት ከየትኛውም ፈታሽ ፕሮግራም እኩል ይቆጠር። ገበያውም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻውን እስከወሰደ ድረስ፣ ኃላፊነቱን በሻጩ አንድ ሳጥን ላይ ጥሎ መሄድ የለበትም። ድሮ ነጋድራስ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር፤ ነገር ግን ነጋዴ ሲጣላ ዳኝነትም ይቀመጥ ነበር። የዛሬዎቹ ቀረጡን ወስደው ዳኝነቱን ለፕሮግራም ትተውታል። ፕሮግራሙን ከሚጽፉት አንዱ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፤ ፕሮግራም ግምት ይሰጣል እንጂ ዋስ አይሆንም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ፎቶ የምታነሱ፣ ዋናውን ፋይል አታጥፉ፤ በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ መረጃው አብሮት ይሄዳል። ከዚያው ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱ፤ ማሽን አንድ ቆንጆ ምስል በቀላሉ ይሠራል፣ የአንድን ማለዳ ተከታታይ ፎቶ ማስመሰል ግን ከአንዱ ይበልጥ ይከብዳል። አፕ የምትሠሩና መጽሐፍ የምታሳትሙ ደግሞ፣ የባሌን ምስል ስትገዙ ከሥሩ የሰው ስም መኖሩን እዩ። ስም ከሌለው ጎባ ወይም ሪራ ያለ አስጎብኚ ፈልጋችሁ ደውሉ። ፎቶ ይኖረዋል፤ ዋጋውንም ራሱ ይነግራችኋል።